ገመና ብለን የደበቅነው ማስረጃ ነበር

(ከአባሎቻችን አንዷ በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያደረገችው ንግግር ነው። ብዙ አባላት ጽሑፉን ስለጠየቁ እነሆ አትመነዋል። የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)



አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ በሒሳብ ሥራዬ ነው። የግብር ሰሞን ሲደርስ ወረቀታችሁን በፌስታል ጠቅልላችሁ ትመጣላችሁ፤ እኔም ደረሰኙን ከደረሰኝ እየለየሁ አስተካክልላችኋለሁ። ዛሬ ይዤ የመጣሁት ወረቀት ግን የራሴ ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከእናቴ በቀር ያየው ሰው የለም።

ወረቀቱ ዲዲ 214 ይባላል። ከአሜሪካ ጦር ከመደበኛ አገልግሎት የሚሰናበት ወታደር የሚሰጠው ማጠቃለያ ነው። መቼ ገባ፣ የት አገለገለ፣ ምን ሜዳልያ አገኘ፣ እንዴት ወጣ የሚለው ሁሉ እዚያ ላይ ሰፍሯል። የእኔ ላይ ስለ ስንብቱ ዓይነት የተጻፈው «ከክብር ሁኔታ ውጪ» ይላል። ምክንያቱ ደግሞ «ጥፋት፣ ከባድ በደል»። በደሉ መጠጥ ነው። ሁለት ጊዜ ሰክሬ መኪና ስነዳ ተይዣለሁ።

አዎ፣ ወታደር ነበርኩ። ብዙዎቻችሁ «ቴክሳስ ለሥራ ሄዳ ነበር» ተብላችሁ ነበር። እናቴን አትውቀሱብኝ።

በዲቪ የመጣነው በ2006 ነው። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ጥቂት እንደሠራሁ፣ በ2010፣ ጦሩ ውስጥ ገባሁ። ለኮሌጅ ክፍያ ብዬ ነው፤ ሌላ ታላቅ ምክንያት አልነበረኝም። የመጀመሪያውን ሥልጠና ስጨርስ እዚያው ቃለ መሐላ ፈጽሜ ዜጋ ሆንኩ። እናቴ በዚያ ሁሉ ፈረንጅ መሐል ቆማ እልል አለች።

ሥራዬ የዕቃ ግምጃ ቤት ነበር። በ2011 ወደ አፍጋኒስታን ተላክን። ስለዚያ ዓመት ብዙ አልናገርም። አንድ ሌሊት ሮኬት ሰፈራችን ውስጥ ወደቀና አብራኝ ትተኛ የነበረች ልጅ ሞተች። ንብረቷ ተቆጥሮ ለቤተሰቧ ሲላክ ዝርዝሩን በመጻፍ እንድረዳ ታዘዝኩ። ሻምፖ አንድ። መጽሐፍ ሁለት። ካልሲ ስድስት ጥንድ። ተጀምሮ ያላለቀ ደብዳቤ አንድ። የመጀመሪያው የሒሳብ መዝገቤ ይኸው ነበር ብል አልዋሸሁም።

እዚያ መጠጥ ክልክል ነው፤ ስለዚህ የጀመርኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው። ስንመለስ የጤና መጠይቅ እንሞላለን። እንቅልፍ ይነሳሃል ወይ? ያስፈራራሃል ወይ? ትጠጣለህ ወይ? ይላል። ሁሉንም «የለም» ብዬ ሞላሁ። «አዎ» ያለ ሰው ወረፋው ይረዝምበታል፤ እኔ ደግሞ ቶሎ ወደ ቤቴ መሄድ ፈልጌ ነበር። ያ «የለም» ከስንት ዓመት በኋላ እንዴት ጠልፎ እንደጣለኝ እነግራችኋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። ጠዋት ለሰልፍ ዘግይቼ፣ አፌ እየሸተተ መድረስ ጀመርኩ። ተቀጣሁ፣ ማዕረጌ ወረደ። ቀጥሎ ማታ ሰክሬ ስነዳ የቆመ መኪና ገጨሁ። መኪናው ውስጥ ሰው አልነበረም። አለመኖሩ የእኔ ጥንቃቄ አይደለም። የመጠጥ ሕክምና ተላክሁ፤ እሱን ሳልጨርስ ለሁለተኛ ጊዜ ተያዝኩ። በ2013 መጨረሻ ልታሰናበት ስል ወረቀት ቀረበልኝ። በቦርድ ፊት ቆሜ የመከራከር መብት ነበረኝ፤ መብቴን ትቻለሁ የሚለው ላይ ሳላነብ ፈረምኩ። ዛሬ እናንተን «ሳታነቡ አትፈርሙ» እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ ለዚህ ነው።

አሁን ወረቀቱ ምን እንደሚያደርግ ላስረዳ። ስንብት አምስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው «በክብር» የሚባለው ነው። ሁለተኛው «ጠቅላላ፣ በክብር ሁኔታ» ይባላል። ሦስተኛው የእኔ ነበር፤ «ከክብር ሁኔታ ውጪ»። የቀሩት ሁለቱ፣ «የመጥፎ ጠባይ» እና «ክብር የለሽ» የሚባሉት፣ የሚሰጡት በወታደራዊ ፍርድ ቤት ነው። ትምህርት የሚከፍለው ድኅረ 9/11 ጂአይ ቢል «በክብር» የሚለውን ብቻ ይቀበላል። «ጠቅላላ» ያለው ሰው የቪኤን ሕክምናና የቤት ብድር ዋስትና ያገኛል፣ ትምህርቱን ግን አያገኝም። በሦስተኛው ላይ ያለ ሰው አብዛኛው በር ይዘጋበታል፤ ቪኤ ጉዳዩን ለየብቻ መርምሮ ካልፈቀደለት በቀር።

ለእኛ ለስደተኞች ደግሞ ሌላም አለበት። በጦር አገልግሎት ምክንያት ዜግነት ያገኘ ሰው አምስት ዓመት በክብር ሳያገለግል ከክብር ሁኔታ ውጪ ከተሰናበተ፣ ዜግነቱ ሊሻር እንደሚችል ሕጉ ይናገራል። እኔ ያገለገልኩት ሦስት ዓመት ከጥቂት ወር ነው። ይህን ያወቅሁ ቀን ድምፄን አጠፋሁ። ማመልከት ማለት ራስን ማስታወስ መሰለኝ፤ ማንም ባያስታውሰኝ ይሻላል አልኩ። ይህን የምናገረው የእኔ ብቻ ስላልሆነ ነው። በ2008 መጨረሻ ይፋ በተደረገውና ማቭኒ በሚባለው ፕሮግራም አማርኛ ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ ስለነበር፣ ከእኛ ልጆች በዚያ በኩል የገቡም አሉ። የእነሱም ዜግነት የተገኘው በአገልግሎት ነው።

በቤታችን ጉዳዩ «ጉድ» ሆነ። ወንድ ልጅ ጠጥቶ ቢወድቅ «ጓደኛ አበላሸው» ይባላል፤ ሴት ልጅ ስትሆን ስም የለውም። እናቴ ለዘመድ «ጊዜዋን ጨርሳ መጣች» አለች። ጸበል ወሰደችኝ። ሄድኩ፣ ተጠመቅሁ፣ ስመለስ ጠጣሁ። በ2016 የታናሽ እህቴ ሚዜ ሆኜ ሳለ ሰርጓ ላይ ሳልደርስ ቀረሁ፤ የት እንዳደርኩ እንኳ በቅጡ አላውቅም። ካገኘችኝ በኋላ አልተቆጣችኝም። ፎቶውን ብቻ አሳየችኝ፤ በመሐል የእኔ ቦታ ባዶውን ቆሟል። ከዚያ ወዲህ አልጠጣሁም። በራሴ ጉልበት አይደለም፤ በየሳምንቱ የሚገናኙ፣ እንደ እኔ ያሉ ሰዎች አሉ፤ እስከ ዛሬ እሄዳለሁ።

በዚያው ዓመት ኮሚኒቲ ኮሌጅ ተመዘገብኩ። ክፍያውን ከጂአይ ቢል ሳይሆን ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ አገኘሁት። የመጀመሪያውን ሴሚስተር መጽሐፍ የገዛሁት ይህ ማኅበር ባበደረኝ ገንዘብ ነው። እናንተ ያበደራችሁት ለማን እንደነበር አላወቃችሁም። ዛሬ እወቁት።

ማመልከት የጀመርኩት በ2017 ነው። ከተሰናበቱ 15 ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች ለስንብት ገምጋሚው ቦርድ ያመለክታሉ፤ ቅጹ ዲዲ 293 ይባላል። ሰው «ስድስት ወር ከቆየ በራሱ ይሻሻላል» ሲል እሰማ ነበር። ሐሰት ነው፤ ያላመለከተ ሰው ወረቀት በራሱ አይለወጥም። ብቻዬን ተቀምጬ አሥራ አንድ መስመር ጻፍኩ። ወጣት ነበርኩ፣ ተሳስቻለሁ፣ አሁን መማር እፈልጋለሁ አልኩ። ስለ ሮኬቱ አልጻፍኩም። ስለ ጓደኛዬ አልጻፍኩም። መጠጥ የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ ብቻ አነሳሁት። ምንም አላያያዝኩም።

በቀጣዩ ዓመት ተከልክሏል የሚል ደብዳቤ መጣ። አኩርፌ ነበር፤ በኋላ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ሳነበው ግን ልክ ነበሩ። ደረሰኝ የሌለውን ወጪ እኔ ራሴ አልመዘግብም። መዝገቤ የሚለው ይህን ነው፦ ሁለት ጊዜ ሰክራ ነድታለች፤ ከጦር ሜዳ ስትመለስ «እንቅልፍ ይነሳሻል ወይ?» ተብላ «የለም» ብላለች። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ማን ምን ይፈርዳል? ደግሞም ቦርዱ ጥቅማ ጥቅም ስለፈለግሽ ወይም ጊዜ ስላለፈ ብቻ አያሻሽልም። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ስንብቱ ሕጉን ተከትሎ ነበር ወይ? ፍትሐዊስ ነበር ወይ?

በ2018 ከክብር ሁኔታ ውጪ ለተሰናበቱ፣ ጦር ሜዳ ለነበሩ ሰዎች የአእምሮ ጤና ሕክምና የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። በ2019 በዚያ በኩል ገባሁ። ሐኪሟ ካዳመጠችኝ በኋላ ፒቲኤስዲ አለብሽ አለችኝ። በእሷ ምክር አንድ የሕግ ትምህርት ቤት ውስጥ ለቀድሞ ወታደሮች በነጻ የሚቆም ጠበቃ አገኘሁ።

ጠበቃው የመከላከያ ሚኒስቴር በ2014፣ በ2017 እና በ2018 ያወጣቸውን መመሪያዎች አስረዳኝ። በእነዚህ መሠረት፣ ከጥፋቱ ጀርባ ፒቲኤስዲ፣ የጭንቅላት ጉዳት ወይም በአገልግሎት ላይ የደረሰ ወሲባዊ ጥቃት ያለበትን ሰው ጉዳይ ቦርዱ በለዘብተኛ ዓይን ማየት አለበት። የ2017ቱ አራት ጥያቄ ያስቀምጣል። ጥፋቱን የሚያስረዳ ሕመም ወይም የደረሰ ነገር ነበረ ወይ? በአገልግሎት ላይ ሳለች ነበረ ወይ? በእርግጥ ጥፋቱን ያቃልላል ወይ? ከጥፋቱስ ይመዝናል ወይ? መመሪያው አንድ ሌላ ነገርም ይላል፤ ማስረጃ ማለት የሐኪም ወረቀት ብቻ አይደለም። የጠባይ መለወጥ፣ መጠጥ መጀመር፣ ቤተሰብ ያየው፣ ጓደኛ ያየው ሁሉ ማስረጃ ይሆናል።

ጠበቃው ይህን አንብቦልኝ ቀና አለና «ከመሄድሽ በፊት ትጠጪ ነበር?» አለኝ።

«ለፋሲካ ጠላ እንኳ አልቀምስም ነበር።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እናቴ።»

«እንግዲያው እሷ ትጻፍልን።»

ቤት ሄጄ ነገርኳት። እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። መቁያውን አስቀመጠችና «የልጄን ጉድ በገዛ እጄ ጽፌ ለመንግሥት ልስጥ?» አለች። ሦስት ሳምንት አላናገረችኝም። ስምንት ዓመት ሙሉ የደበቀችውን ነገር አውጪ ማለት ምን ያህል እንደሆነ እኔም አልገባኝም ነበር። ገመና መሸፈን ለእሷ የእናትነት ሥራ ነው፤ ሌላ ነገር አልነበራትም እኔን የምታድንበት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ከልጆች ደብተር የተቀደደ አራት ገጽ አገኘሁ። በአማርኛ ነው። ከአፍጋኒስታን በተመለስኩ ጊዜ ለአንድ ወር ፈቃድ እቤት ነበርኩ፤ የዚያን ወር ነገር ጽፋዋለች። ልጄ አልጋዋ ላይ አትተኛም፣ ሳሎን ውስጥ ጫማዋን እንዳደረገች ታድራለች ብላለች። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከበሩ አጠገብ ካልሆነ አትቆምም። የጎረቤት ልጅ በር ሲዘጋ መሬት ላይ ተኛች፤ ልብሷን አራግፋ «ቁልፍ ጠፍቶብኝ ነው» አለችኝ። የልብስ ማጠቢያው ጀርባ ባዶ ጠርሙስ አገኘሁ፤ ቆጠርኩት፣ አሥራ አራት ነው፤ ለአባቷ እንኳ አልነገርኩም፣ ሌሊት አውጥቼ ጣልኩት። የላክኋት ልጅና የመለሱልኝ ልጅ አንድ አይደለችም።

ያ ጠርሙስ መጣሏን ሳላውቅ ነው የኖርኩት። እኔ ደብቄያታለሁ ስል፣ እሷ ደግሞ ለእኔ ደብቃልኛለች። እዚያ አራት ገጽ ላይ ያለው ሁሉ በመዝገቤ ውስጥ «የለም» ብዬ ለሞላሁት ጥያቄ መልስ ነበር። ቀኑ አለ፣ ቦታው አለ፣ ከመጀመሪያው ዲዩአይ በፊት መሆኑ አለ። አንድ ሐኪም ከሰባት ዓመት በኋላ ሊያየው የማይችለውን እናቴ በዓይኗ አይታዋለች። አስተርጉመን፣ የአማርኛውንም አያይዘን ላክን።

ሌላም ጨመርን። አብራኝ የዘመተች ልጅ ስለዚያ ሌሊት ጻፈች። ሐኪሟ ጻፈች። አለቃዬ አራት ዓመት ያለ አንድ ቀን ቅሬታ እንደሠራሁ ጻፈ። የኮሌጅ ውጤቴን አያያዝን። እህቴም ስለ ሰርጉ ጻፈች፤ ጠበቃው ይህ ይጎዳሻል ብሎ ነበር፣ እኔ ግን ይግባ አልኩ።

የመጀመሪያው በመዝገብ ብቻ ስለታየ፣ በቃል የመሰማት ዕድል ቀርቶኝ ነበር። በ2021 በቪዲዮ ቀረብኩ። ከቦርዱ አንዱ «ብዙ ወታደር ጓደኛ ያጣል፤ ሁሉም ግን ሰክሮ አይነዳም። ለምንድን ነው ላንቺ የምናሻሽለው?» አለኝ። ይህን ጥያቄ ስፈራው የኖርኩት ነው። የመለስኩት እንዲህ ነው፦ «መንዳቴን ሕመሙ አላደረገውም፣ እኔ ነኝ ቁልፉን ያነሳሁት። ያ መኪና ውስጥ ሰው ቢኖር ዛሬ ከእናንተ ምንም ባልጠየቅሁ። የምጠይቀው ለምን እንደጠጣሁ ያላያችሁትን እንድታዩልኝ ነው።» እናቴ ከካሜራው ውጪ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። እንግሊዝኛው ሁሉ ባይገባትም ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር።

በ2022 ውሳኔው መጣ። ከ«ክብር ሁኔታ ውጪ» ወደ «ጠቅላላ፣ በክብር ሁኔታ» ተሻሻለ። ማለት፣ ዜግነቴ ላይ የነበረው ጥላ ተነሣ፣ ሕክምናዬ ተከፈተ። ጂአይ ቢል ግን አልተገኘም። እናቴ «ግማሽ ነው እንግዲህ» አለች። ግማሽ ነው። ለቀረው ግማሽ ከፍ ወዳለው፣ የወታደራዊ መዛግብት አራሚ ወደሚባለው ቦርድ አመልክቻለሁ፤ ቅጹ ዲዲ 149 ነው። መልሱን እየጠበቅሁ ነው። ላይሰጡኝ ይችላሉ። የተሰናበትኩት ከጥር 2013 በኋላ ስለሆነ ትምህርቱ ከተፈቀደልኝ ጊዜ አያልፍበትም፤ በአርባ ዓመቴም ቢሆን ዲግሪዬን እጨርሳለሁ።

አሁን ለሚመለከታችሁ ጥቂት ነገር ልበልና ላብቃ።

አንደኛ፣ ቀኑን ቁጠሩ። ለገምጋሚው ቦርድ 15 ዓመት ነው። ለአራሚው ቦርድ ስሕተቱ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው፤ ግን ለፍትሕ ሲባል ጊዜው ያለፈበትንም ሊቀበሉ ይችላሉ፣ ምክንያቱን መጻፍ ነው። ገምጋሚው ቦርድ ያላችሁን ስንብት ሊያከፋው አይችልም፤ ስለዚህ በፍርሃት አትቅሩ። እኔ በፍርሃት አራት ዓመት አቃጥያለሁ።

ሁለተኛ፣ ከማመልከታችሁ በፊት ሙሉ መዝገባችሁን አስወጡ፤ የሕክምናውንም ጭምር። የአገልግሎት መዝገቡ የሚጠየቀው ሴንት ሉዊስ ካለው የብሔራዊ መዛግብት ማዕከል ነው። መዝገቡ ስለ እናንተ ምን እንደሚል ሳታውቁ መልስ አትጻፉ። በተለይ በራሱ ፈቃድ ለመጠጥ ሕክምና የሄደ ወታደር፣ እዚያ የተናገረው ነገር ስንብቱን ለማክፋት እንዳይውል የሚከላከል ደንብ በጦሩ ውስጥ አለ። ጠበቃ ይህን መዝገቡ ውስጥ ፈልጎ ያገኘዋል፤ እናንተ ግን ልታልፉት ትችላላችሁ።

ሦስተኛ፣ ብቻችሁን አትጻፉ። በነጻ የሚረዱ የሕግ ትምህርት ቤቶችና የቀድሞ ወታደሮች ድርጅቶች አሉ። ቪኤም በሰኔ 2024 ደንቡን ስላሻሻለ፣ ቀድሞ ተከልክሎ የነበረ ሰው የቦርዱን ውሳኔ ሳይጠብቅ እንደገና እዚያ ማመልከት ይችላል። ዛሬ ማታ የከፋው ልጅ ቤታችሁ ካለ ደግሞ 988 ደውላችሁ 1ን ተጫኑ፤ የስንብቱን ዓይነት አይጠይቁም።

አራተኛው ለእናቶች ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልን አሳድጋችሁናል። ልጃችሁ ሲለወጥ ያያችሁትን ጻፉት። በአማርኛ ይሁን፣ ፊደሉ ይንጋደድ፣ ግድ የለም። መቼ እንደነበረ፣ ምን እንዳያችሁ፣ ከዚያ በፊት ምን ዓይነት ልጅ እንደነበር ጻፉ። ለማንም ባታሳዩት እንኳ ሣጥናችሁ ውስጥ ይቀመጥ። የእናቴ ሣጥን ስምንት ዓመት ባይዘጋ ኖሮ፣ እኔ የመጀመሪያውን ማመልከቻ በአሥራ አንድ መስመር አልልክም ነበር።

ለደጋፊዎቻችን፣ ያ የመጽሐፍ ብድር በ2019 ተከፍሎ አልቋል፤ ደረሰኙ አለኝ። በብድር ሳጥኑ ላይ በዚህ ዓመት ለሰነድ ማስተርጎሚያ የሚሆን ትንሽ መደብ እንዲጨመር ለአስተዳደሩ ጥያቄ አቅርቤአለሁ። አራት የደብተር ገጽ ማስተርጎም ለእኔ የአንድ ሳምንት የምግብ ወጪ ነበር፤ ለሌላዋ እህት ያ ወጪ እንቅፋት እንዳይሆንባት ነው።

ሻይ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ዳር እቀመጣለሁ። ሁለቱም ቅጾች አሉኝ። ጥያቄ ያላት ትምጣ፤ በሰው ፊት መጠየቅ የማትፈልግ ደግሞ የግብር ወረቀት ይዤ መጣሁ ትበል፤ ይገባኛል።